በማኅበራችን የደኅንነት ሥልጠና ላይ ተራ አባላት እንዲገኙ ምን እናድርግ?

በደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ፌዴሬሽናችን ስለ ሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ሥልጠና ቢያዘጋጅልንም፣ አሠሪያችን ፈቃድ የሚሰጠው ለማኅበሩ መሪዎች ብቻ እንደሆነና ሌላ ሠራተኛ ከሄደ ደመወዙ እንደሚቆረጥ በደብዳቤ አሳውቆናል።

በእርግጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከክፍያ ጋር የሥልጠና ፈቃድ የሚሰጠው ለማኅበር መሪዎች ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 92 ሠራተኞች ስለ ሥራቸው አደጋና ስለ መከላከያው ተገቢውን ትምህርት እንዲያገኙ የማድረግ፣ የደኅንነት ኮሚቴም የማቋቋም ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። እኛ ዘንድ ኮሚቴ የለም። ደግሞስ ሥልጠናው ይበልጥ የሚያስፈልገው እንደ እኔ ቢሮ ለሚውል ሰው ሳይሆን፣ መሸፈኛው የተነሣ ቺንጋ እየተሽከረከረ ወፍጮውን በእጃቸው ለሚጠርጉትና ብናኙን በሻሽ ብቻ ለሚከላከሉት ባልደረቦቻችን ነው፤ የዱቄት ብናኝ ሳንባን ከመጉዳቱም በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ እንደሚችል ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንቀጽ 92ን ጠቅሰን የሥልጠናው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠር መጠየቅ እንችላለን ወይስ አስቀድመን በኅብረት ስምምነቱ ማስገባት ይኖርብናል? አሠልጣኙ ፋብሪካው ድረስ መጥቶ በፈረቃ እንዲያስተምር ያስፈቀዳችሁ ካላችሁ፣ ጥያቄውን ለአሠሪው በምን መልክ እንዳቀረባችሁት ብትገልጹልን በእጅጉ እናመሰግናለን።