ምርጧን ዜማዬን ከቲያትሩ አወጡብኝ፣ አላን መንከንም ላይ እንዲህ ይደረጋል?

ባለፒያኖው፦
ሰላም ወገኖች፣ ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ነው። ለአንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ዘጠኝ ዜማ ሰራሁ፣ ከሁሉም የምወዳት ዋናዋ ልጅ መስኮት ስር ብቻዋን ቆማ የምትዘፍናት ናት። ልምምድ ከጀመርን ሦስተኛው ሳምንት ላይ አዘጋጁ ስክሪፕቱን እያገላበጠ ቀና እንኳን ሳይል "ይቺ ትውጣ፣ ሰዓት ትበላለች" አለ፣ በቃ። አራት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ ናት፣ እኔ ላይ ግን አራት ወር ፈጅታለች። ከዛ ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ቲያትሩን ተውና ፊልም ግባ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የዲዝኒ ፊልሞች ዜማ ደራሲው የአላን መንከን አድናቂ ነኝ፣ ሰውዬው ሁለቱንም ሰርቶ ስምንት ኦስካር ወስዷል። እና ጥያቄዬ፣ እሱ ከመድረክ ወደ ፊልም እንዴት ነው የገባው? ስራው አንድ አይነት ነው? ደግሞ እንደሱ ስም ካለህ አይነኩህም ወይስ የሱንም ይቆርጡበታል?

ከመጋረጃ ጀርባ፦
አረ ይቆርጡበታል፣ ያውም እንዴት አድርገው! ለዲዝኒው ካርቱን አላዲን ከግጥም ደራሲው ሃዋርድ አሽማን ጋር የሰራት ፕራውድ ኦፍ ዩር ቦይ የምትባል ዘፈን አለች፣ ልጁ ለእናቱ የሚዘፍናት። ታሪኩ ሲከለስ እናትየው ጭራሽ ከታሪኩ ወጣች፣ እናት ከሌለች ለማን ይዘፈናል፣ ዘፈኗም ተከትላ ሄደች። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1992 ነው፣ ዘፈኗ ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም ኒው ዮርክ ባሉት ትልልቅ ቲያትር ቤቶች፣ የተሰማችው በ2014። ሃያ ሁለት ዓመት ቁጠር እንግዲህ። ሂውማን አጌን የምትባለው ዘፈንም እንደዛው ከ1991ዱ ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት ፊልም ተቆርጣ በ1994 መድረክ ላይ ተመለሰች። አንተ ሦስት ሳምንት ነው ያልከው አይደል 😅

አገባቡን ከጠየቅክ፣ በቀጥታ አይደለም የገባው። መጀመሪያ ለዳንስ ክፍሎች ፒያኖ እየመታ፣ የማስታወቂያ ዜማ እየሰራ ነው የኖረው፣ ጎን ለጎን ሌማን ኤንግል በሚመራው የቢኤምአይ (የአሜሪካ የሙዚቃ መብት ድርጅት ነው) የሙዚቃዊ ቲያትር ወርክሾፕ ይማር ነበር። ስሙን ያወጣው በ1982 ከአሽማን ጋር የሰራው ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ ነው፣ ኦፍ ብሮድዌይ ማለትም ከአምስት መቶ ያነሰ ወንበር ያለው ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ታየ። ሰው የሚበላ አበባ ታሪክ እኮ ነው! ከዛ በኋላ ነው ዲዝኒ አሽማንን የጠራው፣ አሽማን ደግሞ መንከንን ይዞት ሄደ። ስለዚህ "ቲያትር ተውና ፊልም ግባ" የሚሉህን እንዳትሰማቸው፣ ሰውዬው ፊልም ውስጥ ቲያትር ሲሰራ ነው የኖረው።

ተከራካሪዋ፦
ይሄ ሁሉ እውነት ነው ግን ሁላችሁም መንከን መንከን ስትሉ አሽማን እየተረሳ ነው፣ እኔን ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል። ሊትል መርሜድ የሚባለው የዲዝኒ ካርቱን ላይ ሸርጣኑን በካሪቢያን ምት እናዘፍነው ያለው አሽማን ነው፣ ያ ሐሳብ ባይመጣ አንደር ዘ ሲ የምትባለው ዘፈን የት ትገኝ ነበር? ፓርት ኦፍ ዩር ወርልድስ? የሙከራ እይታ ላይ ልጆቹ ሲቁነጠነጡ የዲዝኒ ፊልም ስቱዲዮ ኃላፊ የነበረው ጄፍሪ ካትዘንበርግ ትውጣ ብሎ ነበር። አሽማን ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ካርቱኑን የሚስሉትም ተከራከሩለት፣ ስዕሉ ይበልጥ ተሟልቶ እንደገና ሲታይ ልጆቹ ዝም ብለው አዳመጡ። ዛሬ ያቺ ዘፈን የሌለችበት ፊልም ማሰብ ትችላላችሁ?

ያሳዝናል ደግሞ፣ በ1990 በሊትል መርሜድ ኦስካሩን በወሰዱ በሁለተኛው ቀን ነው አሽማን ለመንከን ኤድስ እንዳለበት የነገረው። መጋቢት 1991 ላይ አረፈ፣ 40 ዓመቱ ነበር፣ ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት ሲያልቅ አላየውም። አላዲንን መንከን ከሌላ ግጥም ደራሲ ከቲም ራይስ ጋር ጨረሰው፣ ኤ ሆል ኒው ወርልድ የመጣችው ከዛ ነው። እና ባለፒያኖው ልጠይቅህ፣ አዘጋጁ ትውጣ ሲል ግጥም ደራሲህ የት ነበር? ማን ተከራከረልህ? ዜማ ደራሲ ብቻውን ሲሟገት እኮ ሁሌም የገዛ ልጁን የሚያሞግስ ነው የሚመስለው።

ስቱዲዮ ሌሊት፦
ተከራካሪዋ ልክ ነሽ ግን አሽማን ካረፈ በኋላም ሰውዬው ሌላ ስድስት ኦስካር ጨምሯል፣ ያንንም እንዳንረሳ።

ስለ ስራው ልዩነት፣ እኔ ማጀቢያ ሙዚቃ ስለምሰራ ከልምዴ ልንገርህ። ካርቱን ላይ ዘፈኑ ቀድሞ ይቀረጻል፣ ሰዓሊዎቹ ድምጹን እየሰሙ ነው የሚስሉት፣ ስለዚህ ዜማ ደራሲው ገና ታሪኩ ሲጻፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማጀቢያው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰራው፣ ፊልሙ ተቆርጦ ይመጣልሃል፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ቁጭ ብለህ ሙዚቃው የት ይገባል የት ይወጣል ትባባላለህ ከዛ በሰከንድ ነው የምትጽፈው። አንዴ አንድ ዳይሬክተር ሁሉንም ጨርሼ ከሰጠሁት በኋላ ከአንድ ትዕይንት ሦስት ሰከንድ ቀነሰ፣ ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትላለህ፣ በሩ ሲዘጋ እንዲመታ ያደረግኩት ከበሮ በሩ ከተዘጋ በኋላ ብቻውን ደም ብሎ ቀረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከኋላ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። መድረክ ላይ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ ተዋናይቷ ቀሚስ ቀይራ እስክትመጣ ሃያ ሰከንድ ሙዚቃ ጨምር ትባላለህ ትጨምራለህ። ፊልም ስትገባ አይቆርጡብህም ብለህ ከሆነ ወዳጄ ተሳስተሃል፣ እዛ ይብሳል።

እና ኒውዚስን እዩ። መንከን ዜማውን የሰራለት በ1992 የወጣ ፊልም ነው፣ 15 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሦስት ሚሊዮን እንኳን አላስገባም፣ አንዷ ዘፈን የዓመቱ መጥፎ ዘፈን ተብላ ራዚ የሚባለውን የማፌዣ ሽልማት ተሸለመች፣ ያውም መንከን በአላዲን ኦስካር በወሰደበት ዙር! ያው ስራ መድረክ ላይ ወጥቶ በ2012 የብሮድዌይ ትልቁን ሽልማት ቶኒን አመጣለት። ፋይሉን እንዳትሰርዘው ለማለት ነው።

ባለፒያኖው፦
ተከራካሪዋ ጥያቄሽ ወጋኝ፣ ግጥሙንም እኔው ነኝ የጻፍኩት ስለዚህ ተከራካሪ የለኝም 😂 ግን ከጻፋችሁት በኋላ ስክሪፕቱን ከፍቼ እንደገና አየሁት። ከዘፈኑ በፊት ልጅቷ ለእህቷ የምትናገረው ስድስት መስመር አለ፣ ዘፈኑ የሚለውን አንድም ሳይቀር ቀድማ ትለዋለች። አዘጋጁ እንደዛ ብሎ ባይነግረኝም የደከመው ለዚህ ይመስለኛል። ነገ ልምምድ አለን፣ ንግግሩ ወጥቶ ዘፈኑ ይቆይ ብዬ ልሞክር?

ከመጋረጃ ጀርባ፦
ሞክር፣ ግን አራት ደቂቃዋን ይዘህ እንዳትሄድ። ሁለተኛውን አዝማች አውጣና ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል አውርዳት፣ ከዛ ተዋናይቷ ራሷ ትዝፈንለት እንጂ አንተ ፒያኖ ላይ ሆነህ አታስረዳ።

ተከራካሪዋ፦
እህትየዋንም ቀድመህ አናግራት፣ ስድስት መስመር የሚቆረጥባት እሷ ፊት ነው 😅 ነገ ማታ ግን ምን እንዳለ ሳትጽፍልን እንዳትቀር።