ትንሽ ሳጥን፣ ትንሽ በጀት፦ ከየትኛው ዕቃ ልቀንስ?

ባለቦርሳዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቀን ቀን በብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም) አጫጭር አኒሜሽን እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሬንደር (የሠራሁትን ትዕይንት ወደ መጨረሻው ምስል መለወጥ) ስጀምር ታናሽ እህቴ ጩኸቱን ሸሽታ ክፍሉን ጥላልኝ ትወጣለች።

አዲሱ ኮምፒውተር ትንሽ እንዲሆን የፈለግሁት ለውበቱ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ወደምንሠራበት ክፍል በጀርባ ቦርሳ ተሸክሜው መሄድ አለብኝ። ሞኒተር በሁለቱም ቦታ አለ፤ 1080 ፒ ናቸው።

ያሰብኩት ይህ ነው፦ ራይዘን 5 7600፣ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም (ሌላውን በኋላ እጨምራለሁ)፣ አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋባይት፣ 750 ዋት ኤስኤፍኤክስ (ከተራው ኤቲኤክስ ያነሰ) ፓወር ሰፕላይ፣ ባለ 240 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ እንዲሁም ግራፊክስ ካርዱ በራይዘር ኬብል (ካርዱን ከመሰኪያው ጋር በሚያገናኝ ማራዘሚያ) ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚቆምበት የ10 ሊትር ኬዝ። ድምሩ ከያዝኩት ገንዘብ በአንድ አምስተኛ በለጠብኝ። ግራፊክስ ካርዱን ዝቅ ላድርገው ይሆን?

ብሎን ፈቺው፦
እህቴ፣ ካርዱን አትንኪው፤ የምትነኪው ከሆነም ወደ ላይ ይሁን። ገንዘብሽን የበላው ካርዱ ሳይሆን ትንሽነቱ ነው።

ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ የካርድ መሰኪያ አለው፣ የራሙም በአብዛኛው ሁለት ብቻ ነው። እስከ 244 በ244 የሚደርሰው ማይክሮ ኤቲኤክስ ብዙ ጊዜ ከእሱ ይረክሳል። ትንሹ ከትልቁ መወደዱ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን ያንኑ ሥራ በጠባብ ቦታ ማጨቅ ያስከፍላል። ፓወር ሰፕላዩም እንደዚሁ ነው።

እኔም 10 ሊትር ብዬ ጀምሬ ነበር። ከኬዙ ጋር የመጣው ራይዘር ኬብል የሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ነበር፣ ካርዴ ደግሞ የአራተኛው። ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ራሙን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ሞከርኩ፤ ሦስት ሌሊት ሙሉ ማዘርቦርዱን ስረግም አደርኩ። ለካ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ መሰኪያውን ወደ ሦስተኛው ትውልድ ማውረድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ስክሪን ሳይኖር ግን ባዮስ እንዴት ይገባል? ፕሮሰሰሬ የራሱ ግራፊክስ ስላልነበረው ሁሉንም አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና ካርዱን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት። 7600 የራሱ ግራፊክስ ስላለው አንቺ ከዚህ ትድኛለሽ። ረከሰ ብለሽ የራሱ ግራፊክስ የሌለውን 7500ኤፍ ከወሰድሽ ግን ያ መውጫ በር ተዘጋ።

የውሃ ማቀዝቀዣውን ተዪው። 7600 የ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው፤ በካርቶን ሲሸጥ ማቀዝቀዣው አብሮት ይመጣል። ዝምተኛ ነው አልልም፤ እህትሽ ካማረረች ከጊዜ በኋላ ትቀይሪዋለሽ። 750 ዋትም ትርፍ ነው፤ ጥሩ ሥራ ያለው 550 ይበቃል።

የተረፈውን በካርዱ ሜሞሪ ላይ አውይው። 4060 የሚፈልገው 115 ዋት ብቻ ስለሆነ ለጠባብ ሳጥን የተመቸ ነው፣ በጌምም ከቀደመው አርቲኤክስ 3060 ይፈጥናል። ነገር ግን ብሌንደር ላይ ትዕይንትሽ ከ8 ጊጋባይት ካለፈ ሳይክልስ (የብሌንደር ሬንደር ሠሪ) ወይ ወደ ራም እየፈሰሰ ይጎተታል፣ ወይ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ይቆማል። ያኔ ፍጥነቱ ምን ያደርግልሻል? አቅምሽ ከደረሰ 4060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይት፣ ካልደረሰ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት። ካርቶኑን አንብቢ፤ ባለ 8 ጊጋባይት 3060ም አለ፣ እሱ በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በፍጥነትም ያንሳል።

ቪዲዮ ቆራጩ፦
በካርዱ እስማማለሁ፤ በፕሮሰሰሩ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ተዘልሏል። የካሜራ ቪዲዮ ታርትኢያለሽ? ካሜራው 10 ቢት 4:2:2 (ቀለሙን ከተለመደው በበለጠ ዝርዝር የሚይዝ ቪዲዮ) በኤች 265 ማመቂያ የሚቀርጽ ከሆነ የ30ውም የ40ውም ተከታታይ አርቲኤክስ ካርዶች ፋይሉን በሃርድዌር አይፈቱትም። ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል። የ12ኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣዊ ግራፊክሳቸው ይፈቱታል፤ እዚህም ኤፍ የሚል ያለበትን አትግዢ። እኔ ኢንቴል የገዛሁት በዚህ በአንድ ምክንያት ነው።

ጸጥተኛው፦
ስለ ራሙ ማንም አላነሣም። አንድ ባለ 16 አትግዢ፤ ራም ጥንድ ሆኖ ሲሠራ ነው መንገዱ የሚሰፋው። ሁለት ባለ 16 በአንድ ጊዜ ግዢ። አራት መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ ብታገኚም በኋላ እሞላዋለሁ ብለሽ አትቁጠሪበት፤ በኤኤም5 (የ7600 ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሰካበት) ማዘርቦርድ ላይ አራቱ ሲሞሉ የዲዲአር5 ራም ፍጥነት ይወርዳል።

ባለቦርሳዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካሜራውን አየሁት፤ የጓደኛዬ ነው፣ 8 ቢት 4:2:0 ብቻ ነው የሚቀርጸው። ስለዚህ በ7600 እቆያለሁ።

ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግሁ፤ ቦርሳውን ለካሁት። ውስጡ 43 በ32 በ21 ሴንቲሜትር ነው። 37 በ30 በ19 የሆነ ኬዝ አገኘሁ፤ ወደ 21 ሊትር ይሆናል፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድና ተራውን ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ይይዛል። ሁለት ወር ሙሉ ስለ 10 ሊትር ሳልም ቦርሳዬ 21 ሊትር እንደሚችል አላወቅሁም ነበር! በአዲሱ ዝርዝር ሁለት ባለ 16 ራም አስገብቼ 3060 ባለ 12 ይደርሰኛል። ለ4060 ቲአይ ግን ትንሽ ይጎድላል።

ብሎን ፈቺው፦
ጎደለ ብለሽ ከፓወር ሰፕላዩ ጥራት እንዳትቀንሺ። ኤስኤስዲውንም ከ1 ቴራባይት አታሳንሺ፤ ጌም ቶሎ ይሞላዋል። 3060ውን ይዘሽ ጀምሪ፤ ካርድ በኋላም ይቀየራል።

በጉዞው ቀን ካርዱን ነቅለሽ በካርቶኑ ያዢው፤ ሁለት ብሎን ነው። መሰኪያው ጫፍ ላይ ያለችውን ምላስ ሳትጫኚ እንዳትስቢው፤ እኔ አንዷን ሰብሬያለሁ።