ጨው የበላውን የባሕር ማጥመጃ ሪል ድሬዳዋ ላይ፣ ቤት ውስጥ ፈትቶ ማደስ ይቻላል?

ጥያቄ
ደወሌ ተመላላሽ፣ ድሬዳዋ

ሥራዬ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያመላልሰኝ ስለሆነ፣ ጭነት በምጠብቅባቸው ቀናት ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ወጥቼ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ማጥመድ ልማዴ ሆኗል። ዘንጌ ላይ ያለው ሪል፣ ማለትም የማጥመጃውን ክር የሚጠቀልለው መሣሪያ፣ ክሩ የሚከማችበት ማጠንጠኛው ከፊት የሆነ፣ ገላው ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ መጠኑ መካከለኛ የሆነና ለባሕር ተብሎ የተሸጠ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን እጀታው ሲዞር መንኮሻኮሽ ስለጀመረ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ አንድ የመኪና መካኒክ ሰጠሁት። እርሱም ጎኑን ከፍቶ በቤንዚን ካጠበው በኋላ፣ ባዶ ቦታ እስከማይቀር ድረስ የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ ሞልቶ መለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ መንኮሻኮሹ ቢቀንስም ሌላ ችግር ተተካ። ዓሣው በኃይል ሲጎትት እጀታው ወደ ኋላ ይሾልካል፤ አንዳንዴ ሩብ ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከተመለሰ በኋላ ነው ቀጥ ብሎ የሚይዘው። ፍሬኑ ደግሞ ክሩን በእኩል ኃይል መልቀቁን ትቶ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል፤ በዚህም ምክንያት ደህና ባራኩዳ ክሩን በጥሶ ሄዷል። በተጨማሪም በማጠንጠኛው ከንፈርና በቪቴዎቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታያል። ቤት በተመለስኩ ቁጥር በቧንቧ ውሃ ባጥበውም አልጠፋም፤ እንዲያውም የጨመረ ይመስለኛል።

ሪሉን ራሴ ልፈታው እችላለሁን? እዚህ ገበያ ላይ ከሚገኙት ቅባቶች የትኛው ለየትኛው ክፍል ይሆናል? ነጩ ነገርስ ጨው ነው ወይስ ሌላ? የምታውቁ ብታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መልስ
የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ፣ ከዚራ

ወንድሜ፣ ከነገሩን ሁሉ አሳሳቢው የእጀታው መሹለክ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው፣ ክሩን እየዞረ ከሚጠቀልለው የፊት ክፍል ሥር ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ ነው። በውስጡ ቀጫጭን ሮለሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ሮለር በትንሽ ሞላ እየተገፋ፣ በአንድ በኩል ሰፊ በሌላው በኩል ጠባብ በሆነ ማረፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ዘንጉ ወደ ፊት ሲዞር ሮለሮቹ ወደ ሰፊው በኩል ስለሚሸሹ ይለቁታል፤ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ግን ወደ ጠባቡ ተስበው አጣብቀው ይይዙታል። ሞላዎቹ እጅግ ደካሞች ስለሆኑ ወፍራም ግራሶ ሲገባባቸው ሮለሮቹን በጊዜ ወደ ቦታቸው መግፋት ያቅታቸዋል፤ ያ ሩብ ዙር የሚባክነው በዚህ መካከል ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ሞቷል ብለው አዲስ ፍለጋ አይውጡ። በእኔ ግምት ከሞላው ግራሶ በስተቀር ምንም አልሆነም።

ማጠንጠኛውን ካወጡ በኋላ የፊተኛውን ክፍል የያዘውን ዳዶ ይፍቱ። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ ዳዶ ጥርሱ የግራ ስለሆነ፣ እምቢ ሲልዎት ከማስገደድዎ በፊት በተቃራኒው ይሞክሩት። ባለ አንድ አቅጣጫውን ኩሽኔታ ከመካከሉ ካለው ቀለበት ጋር እንዳለ ያውጡት፤ ቀለበቱ ብቻውን ከወጣ ሮለሮቹ ይበተናሉ፣ እነዚያን መልሶ መደርደር ደግሞ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው። ከፋርማሲ በሚገዛ ጠንካራ አልኮል ውስጥ እየነከሩ፣ አልኮሉንም እየቀየሩ፣ ግራሶው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ያጥቡት። ከደረቀ በኋላ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ያለ ምንም ቅባት መተው በባሕር ላይ ያዝገዋል፤ ከጠብታ በላይ ማድረግ ደግሞ ወደ መሹለኩ ይመልሰዋል።

ሌላው አካል ደንቡ የተለየ ነው። ጥርሶቹና ማጠንጠኛውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው ክፍል ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ግን በጥርሱ ላይ በቀጭኑ የሚቀባ እንጂ ጎጆውን የሚሞላ አይደለም። ሙሉው ግራሶ ሪሉን ከማክበዱም በላይ፣ የገባውን የጨው ውሃ መውጫ ነሥቶ ከብረቱ ጋር ያቆየዋል። ተራዎቹ የኳስ ኩሽኔታዎች ዘይት ይበቃቸዋል። ለማጠቢያ ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩንና የጎማ ቀለበቶቹን ይጎዳል፣ ቤት ውስጥም እሳት ይጠራል። ለብረቱ ክፍሎች ላምባ ይሆናል፤ ነገር ግን የቅባት ቅሪት ስለሚተው መጨረሻ ላይ በአልኮል ይጠረጋል፤ ይህም ቢሆን ከምድጃ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው።

ከመታጠቡ በፊት የወጣውን ግራሶ ቀለም ይመልከቱ። አረንጓዴ ከታየበት የናሱ ጥርስ በጨው ተነክቷል ማለት ነው፤ ቡናማ ከሆነ የብረት ኩሽኔታ ዝጓል፤ ጠቁሮ በብርሃን ፊት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥርስ እየተበላ ነው፣ ያን ደግሞ ምንም ቅባት አይመልሰውም።

ስለ ነጩ ነገር በዓይን ብቻ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ከባድ ውሃ ስለሆነ፣ በየቤታችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሪል ላይም ይጋገራል። በጥጥ ጫፍ ትንሽ ኮምጣጤ አስነክተው ይዩት። አረፋ ካወጣ የውሃው ኖራ ነው። ያለ ኮምጣጤ በንጹሕ ውሃ ብቻ ከሟሟ ጨው ነው። በሁለቱም ካልተነካና ከሥሩ ብረቱ ተቦርቡሮ ከተገኘ ግን አሉሚኒየሙ ራሱ እየተበላ ነው። ኮምጣጤው ለአሉሚኒየም ጥሩ ስላልሆነ እንዳዩ ወዲያው በውሃ ያስለቅቁት።


መልስ
የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ መኪና ግርግር፣ ሐረር

ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ዓሣም የማውቀው ከሐይቅ የመጣውን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ሪል አምጥቶ ስላሠራኝ፣ የማውቀውን ያህል ልጨምር።

ጋሼ የጠቀሱት ቀጭን ዘይት እኛ ጋ በየሱቁ የሚሸጠው የስፌት መኪና ዘይት ነው። ንጹሕና ቀጭን የማዕድን ዘይት ስለሆነ ለኳስ ኩሽኔታ፣ ለእጀታው ጨብጥ፣ ክሩን ለሚመልሰው የሽቦ ቅስት መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ክሩ ለሚሾልክባት ትንሿ ተሽከርካሪ ይሆናል። ድክመቱ በጨው ውሃ ቶሎ መታጠቡ ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የባሕር ጉዞ በኋላ መታደስ አለበት። የምግብ ዘይት ግን በምንም ዓይነት አይግባ። ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ከሰነበተ በኋላ አየር እያገኘው ወደ ሙጫ ይለወጥና ሮለሩንም ኩሽኔታውንም ያጣብቃል። ሥራ ቆመብን ብለው ከሚመጡልኝ መኪናዎች ብዙዎቹ ሕመማቸው ይኸው ነው።

በአንድ ነገር ከጋሼ ልለይ። እርሳቸው መጠኑ ይቀነስ ብለዋል፤ እኔ ግን ዓይነቱም ይለወጥ እላለሁ። ከፋብሪካው የተቀባው አንድ ዓይነት፣ መካኒኩ የሞላው ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ አንዳንድ ጊዜ ይቀልጡና ዘይታቸው ተለይቶ ይፈስሳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ይህ ይብሳል፤ የተለየው ዘይትም ወደ ፍሬኑ ወይም ወደ ባለ አንድ አቅጣጫው ኩሽኔታ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ አሮጌው አንድም ሳይቀር ወጥቶ፣ ውሃ የሚቋቋም የጀልባ ግራሶ ከጅቡቲ ቢገዛ ይሻላል። አንዲት ትንሽ ጣሳ ለዓመታት ትበቃለች።

ሲፈቱ ደግሞ የወረቀት ያህል የሳሱ ሮንዴላዎች ከዋናው ጥርስ ጎንና ጎን ያገኛሉ። እነርሱ የጥርሶቹን ርቀት የሚለኩ ስለሆኑ፣ ከግራ የወጣው ወደ ቀኝ ከሄደ ወይም አንዱ ከጠፋ፣ ሪሉ በትክክል ታጥቦም ይንኮሻኮሻል። ነጭ ጨርቅ አንጥፈው በአወጣጣቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው፤ በየደረጃውም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ግራሶ ሲቀባ ግን በር ተዘግቶ ይሠራ፤ የድሬዳዋ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ ግራሶ ላይ ካረፈ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ያልተፈታ ቪቴ ሲያጋጥም ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ አይታገሉ፤ ራሱ ከተላጠ በኋላ የሚደረግ ነገር ጥቂት ነው።


ተጨማሪ ጥያቄ
ደወሌ ተመላላሽ፣ ድሬዳዋ

ጋሼም፣ የሐረሩ ወንድሜም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለ አንድ አቅጣጫውን ኩሽኔታ በተባለው መንገድ ካጠብኩት በኋላ መሹለኩ ቆሟል። ኮምጣጤውንም ሞከርኩ፤ በማጠንጠኛው ከንፈር ላይ ያለው አረፋ አውጥቶ ሲለቅ፣ በቪቴዎቹ ዙሪያ ያለው ግን ምንም አልሆነም፤ ቦርቦር ያለ ነገርም ከሥሩ ይታያል። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ከባሕር እንደወጣሁ ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ ሁለተኛው የፍሬኑ መንጠቅ።


መልስ
የድሬ ልጅ፣ ጅቡቲ

በቪቴዎቹ ዙሪያ ያለው የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም በጨው ውሃ መካከል ሲገናኙ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ብረቶች ከጨው ውሃው ጋር አንድ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚያ ባትሪ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። የተቦረቦረው አይመለስም፤ ነገር ግን ቪቴዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው፣ ቀዳዳውን አጽድተው፣ ጥርሳቸውን በጀልባ ግራሶ ቀብተው ቢመልሷቸው ውሃው መግቢያ ያጣል፣ ጉዳቱም ባለበት ይቆማል።

ስለ ማጠቡ፣ ድሬዳዋ እስኪደርሱ መጠበቅዎ ትልቁ ችግር ይመስለኛል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ብዙዎች የድሬዳዋ አየር ደረቅ ስለሆነ ጨው እዚያ አይጎዳም ይላሉ፤ ይሁን እንጂ በባሕር ጨው ውስጥ የምግብ ጨው ብቻ አይደለም ያለው። የምግብ ጨው ከአየር እርጥበት ስቦ የሚሟሟው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከእርሱ ጋር ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ ግን ከ33 በመቶ ገደማ ጀምሮ ይስባል። ይህን ያህል እርጥበት በድሬዳዋም ሌሊት ሌሊት ይገኛል፤ ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የደረቀ የሚመስለው ሪል ከውስጡ እየተበላ ሊሰነብት ይችላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከጀልባ እንደወረድኩ፣ ጨው ሳይደርቅ፣ ውሃ ወደ ፍሬኑ እንዳይሰርግ ፍሬኑን አጥብቄ እዘጋለሁ፤ ከዚያም እንደ ቀላል ዝናብ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ እጀታውን ሳላዞር አጥበዋለሁ። በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨዉን ገፍቶ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ አልጠቀምበትም፤ ባልዲ ውስጥ መዘፍዘፍም ያው ነው። ሙቅ ውሃ ደግሞ ግራሶውን ያለቅቃል። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨው ጨው ስለሚል፣ መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ አፈስበታለሁ። ቤትዎ ውስጥ ለሚያጥቡት፣ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ኖራ ስለሌለው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ይሆናል፤ አሲዱን ሳይሆን ውሃውን መግዛትዎን ብቻ ያረጋግጡ። ከዚያ አራግፎ በጨርቅ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ ትቶ ማድረቅ ኖራውን እዚያው ይጋግረዋል። ሲደርቅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይላላል። በላስቲክ ተጠቅልሎ ወይም በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተዘግቶ መጓዝ የለበትም።

ክርዎ የተሸረበው ዓይነት ከሆነ በሽሩባው መካከል ጨው ይዞ ይቀራል፤ በማጠንጠኛው ከንፈር ላይ የጨመረው ነገር ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። አልፎ አልፎ ክሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ በንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍና፣ በዚያው አጋጣሚ ገልብጦ መጠቅለል፣ ያልሠራውን ጫፍ ወደ ፊት ያመጣዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሪልዎ የዳይዋ ሥሪት ሆኖ ማግሲልድ የሚል ጽሑፍ ካለበት የማግኔት ዘይት ያለበትን ክፍል አይንኩት። ያ ዘይት ውሃ የሚከለክለው በማግኔት ተይዞ ስለሆነ ሌላ ዘይት ሲገባበት መከላከያው ይፈርሳል።


መልስ
የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ፣ ከዚራ

ስለ ግራሶው ዓይነት የሐረሩ ወንድማችን ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። የቀረው ፍሬኑ ነው።

የፍሬኑን መዝጊያ ፈትተው ሮንዴላዎቹን ሲያወጡ፣ አንዱ ከማጠንጠኛው ጋር የሚዞር፣ ሌላው ከዘንጉ ጋር ቆሞ የሚቀር ብረት ሆኖ ሲፈራረቁ ያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው የካርቦን ወይም የሱፍ ሮንዴላ ነው። መንጠቅ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጨው፣ ወይም ከሌላው ክፍል ባመለጠ ግራሶ፣ ወይም ፍሬኑ ጠብቆ በመሰንበቱ በተጨፈለቀ ሱፍ ነው። ብረቶቹን በአልኮል ጠርገው፣ የተቃጠለ ወይም የሻከረ ገጽ ካለ በጣም ለስላሳ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። ካርቦኑን ለፍሬን በተሠራ ግራሶ በቀጭኑ ይቀቡት፤ ያ ከሌለ ደረቅ መተው የመኪና ግራሶ ከመቀባት ይሻላል። ተጨፍልቆ የጠነከረ ሱፍ ግን ይለወጥ፤ ከአሮጌ ባርኔጣ ተቆርጦ ሲሠራ አይቻለሁ፣ በትልቅ ዓሣ ላይ ግን አልታመንበትም።

ከገጠሙት በኋላ በእጅ ስሜት ብቻ አይወስኑ። ነጋዴዎች የሚጠቀሙበትን የሚንጠለጠል ሚዛን በክሩ ጫፍ ላይ አስረው፣ ማጠንጠኛው መልቀቅ የሚጀምርበትን ክብደት ያንብቡ። የክሩ መበጠሻ አቅም 9 ኪሎ ከሆነ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ላይ መልቀቅ አለበት። ሲጎትቱት መርፌው ባለበት ከቆመ ፍሬኑ ድኗል፤ ከ2 ወደ 4 እየዘለለ ከተመለሰ ከሮንዴላዎቹ አንዱ ቦታውን ስቶ ገብቷል ማለት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ካነሡት ፎቶ ጋር ያስተያዩት።