ካምፕ የወሰድኳቸው መሪ እንዲሆኑ ነበር፣ ስመራ የዋልኩት እኔ! ምን ልቀይር?

ቲቸርዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፣ የተማሪ ተወካይ የሚሆኑትን የመጨረሻ ክፍል ልጆች አመቱ ሳይጀመር 3 ቀን ካምፕ ይዘናቸው እንወጣለን፣ ለሊደርሺፕ ይዘጋጁ ተብሎ። ያለፈው ግን እውነቱን ልንገራችሁ ሽርሽር ነበር። ሁለት አፈኛ ልጆች ሁሉን ነገር ይዘውት ዋሉ፣ ሌላው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ሰልፊ ይነሳል። ማታ ድንኳን ሲተከል ዝናቡ መጣ ብዬ ደንግጬ ራሴ ችካል ስመታ አመሸሁ፣ 30 የሚሆን ልጅ ዙሪያዬን ቆሞ ባትሪ ያበራልኛል 😂 የሊደርሺፕ ሌክቸሩም ያው ክፍል ውስጥ የምንሰጠው ነው፣ ወንበር የለውም እንጂ። ዘንድሮ ዝምተኞቹም እንዲመሩ ምን ላድርግ? ደሞ እስከምን ድረስ ነው እጄን የምሰበስበው፣ የሰው ልጆች ናቸው እኮ፣ አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ?

የድሮ ስካውት፦
ቲቸር ችግሩን ራስሽ ነገርሽን፣ ችካሉን የመታሽው አንቺ ነሽ። 30 ልጅ አንድ ላይ ከሆነ ሁሌም ሁለቱ ይመራሉ ሌላው ይከተላል። የስካውት መስራቹ ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ ውስጥ ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲሞክር 20 የሚሆኑ ልጆች ነው የያዘው፣ እነሱንም በ4 ፓትሮል (ትንንሽ ቡድን ማለት ነው) ከፍሎ ለየፓትሮሉ ከራሳቸው መሃል መሪ አደረገላቸው፣ ስካውት እስከዛሬ በዚሁ ነው የሚሄደው። አንቺም በ7 በ8 ክፈያቸው፣ አፈኞቹን ሁለቱን አንድ ቡድን ክተቻቸውና እዛው ይቻቻሉ። መሪነቱ በየግማሽ ቀኑ ይዙር፣ ግን ስራው የምር ይሁን፣ ማለቴ ያ ቡድን ምሳ ካላበሰለ ምሳ የለም፣ ብስኩት ቦርሳሽ ውስጥ ደብቀሽ ከሄድሽ ደሞ አለቀ፣ ያውቁብሻል።

ዝምተኛው፦
እኔ እንደዛ አይነት ካምፕ ላይ ከዝምተኞቹ ነበርኩ። ተራዬ ደርሶ ካርታና ኮምፓስ ሰጡኝ፣ መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ጋ ስንደርስ ካርታው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ግራውን ያዝኩ፣ ስህተት። አስተማሪያችን ከኋላ አለ፣ ያውቃል፣ ትንፍሽ አላለም፣ ግማሽ ሰአት ሄደን ወንዝ ፊታችን ድቅን ሲል ነው የገባን። ልጆቹ ሊበሉኝ ደረሱ። ማታ እሳት ዳር ግን "ለምን ተሳሳትክ" አላለኝም፣ "መንገዱን የጠረጠረ ማነው?" አለ፣ ሶስት እጅ ወጣ። "ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም?" ሲል አንዷ "ማንንም ሳይጠይቅ ፊት ፊት ይሄዳል እኮ" አለች። እስካሁን አልወጣልኝም፣ ዛሬ ስራ ላይ ሰው ስይዝ "ልክ አይመስለኝም የሚል አለ?" ሳልል አልነሳም። ስለዚህ የማታውን ወሬ ሰአት እንዳትሸራርፊው። ዝምተኛውን ደሞ ሰው ፊት አቁመሽ ንግግር አድርግ እንዳትይው፣ እኔን እንደዛ ቢሉኝ ኖሮ ታምሜያለሁ ብዬ እቀር ነበር።

ካምፕ አስተባባሪ፦
እጅ ስለመሰብሰቡ፣ ቢራቡ፣ ቢረጥቡ፣ ቢጨቃጨቁ፣ ትንሽ መንገድ ቢስቱ ተያቸው። ውሃ ዳር፣ ገደል፣ እሳት፣ መብረቅ ከሆነ ግን ጨዋታ የለም ወዲያው ትገቢያለሽ፣ ይሄንንም ሳትወጡ ንገሪያቸው፣ ስትገቢ እንዳይከፋቸው። ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ይቀራሉ። የረጠበ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ምላሱ ከተሳሰረ ወይ መደናቀፍ ከጀመረ ስንፍና እንዳይመስልሽ፣ ሰውነቱ ከልክ በላይ ቀዝቅዟል፣ ደረቅ ልብስ አልብሰሽ አሙቂው፣ ሀኪምም ጥሪ። መፀዳጃው ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። አስምና አለርጂ ያለበትን ከወላጅ በጽሁፍ ተቀበይ።

ተጠራጣሪ፦
ሁሉም አሪፍ ነው ግን ትምህርት ቤት ሲመለሱ ስራቸው አርፋጅ መመዝገብ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? 3 ቀን ሙሉ ወስኑ ብላችሁ ከዛ አመት ሙሉ ዝም በሉ ልትሏቸው ነው። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ብቻ፣ ከነበጀቱ ስጧቸው።

ቲቸርዋ፦
ተባረኩ! ሌክቸሩን ከፕሮግራሙ አውጥቼዋለሁ፣ የበጀቱን ነገር ርእሰ መምህሩን አናግራለሁ (አይቀልም እሱ)። መዶሻ አልነካም ብዬም ምያለሁ 😅 ግን የማታው ወሬ ሰአት ላይ ዝናብ ቢመጣስ የት እናድርገው?

የድሮ ስካውት፦
ድንኳን ውስጥ ነዋ፣ እንዳተካከላቸው ነው እንግዲህ 😄