የሱፐርሌጄራ በር ላሜራ፦ እጥፋቱ ሳይሰነጠቅ እንዴት ይከፈታል?

መኪናው በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራ አልፋ ሮሜዮ 1900 ሱፐር ስፕሪንት ነው፤ ቦዲው የሚላኑ የካሮሴሪያ ቱሪንግ የእጅ ሥራ። በሱፐርሌጄራ አሠራር ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አጽም ይሆናሉ፣ የአሉሚኒየም ላሜራው ከላይ ይለብሳቸውና ጠርዙ ብረቱ ላይ ይታጠፋል። ጣጣውም እዚያው እጥፋት ውስጥ ነው፦ ብረቱንና አሉሚኒየሙን የሚለየው ጨርቅ እርጥበት ይዞ ሲበሰብስ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ይነካካና ብረቱ ሳይሆን አሉሚኒየሙ ራሱ ተበልቶ ያልቃል። የሁለቱም በሮች ታችኛው ጠርዝ ቀለም አብጧል፤ ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ይወጣል። በግራው በር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳስቷል።

ቱቦውን ለማጽዳት እጥፋቱ መከፈት አለበት፤ ግን ላሜራው ስለጠነከረ 2 ሳንቲ ሜትር እንደተከፈተ ተሰነጠቀ። ሳሙና ቀብቶ ሳሙናው እስኪጠቁር በነበልባል እያሞቁ ማለስለስ ለብቻው ባለ ላሜራ ላይ ይሠራል። እዚህ ግን ቱቦው ሙቀቱን ይሻማል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ሳይቀላ፣ ምልክት ሳይሰጥ ይቀልጣል።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ባትላሜራ (የቦዲ ላሜራ ቀጥቃጭ) ካለ፦ ጠርዙን ከእጥፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር በላይ ቆርጦ አዲስ መበየድ ይሻላል? የአሉሚኒየሙ ቅይጥ ስለማይታወቅ ከዚያው ላሜራ የተቆረጠ ክር ለብየዳ መሙያ ይበቃል? ለመለያስ ኢፖክሲ ብቻውን ይይዛል ወይስ ቴፕ ይጨመር? (በስቱኮ ሙላው የሚል መልስ ይቅር።)