ትሮምቦን ላይ ታች ስወርድ ፈጣን ኖታ ይጨፈለቅብኛል

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች። ባስ ትሮምቦን (ወፍራም ድምፅ ያለው የትሮምቦን ዓይነት) እነፋለሁ። መሐል ድምፆች ላይ ኖታዎቹን በምላሴ ፊትና ኋላ እያፈራረቅኩ፣ ቱ-ኩ ቱ-ኩ እያልኩ በደንብ እፈጥናለሁ፣ ወደ ዝቅተኛ ድምፆች ስወርድ ግን "ኩ" ጭራሽ አይሰማም። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ታች ላይ ከንፈር በዝግታ ነው የሚርገበገበው። ፔዳል ቢ ፍላት (ከትሮምቦን በጣም ዝቅተኛ ኖታዎች አንዱ) በሰከንድ 58 ጊዜ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 8 ኖታ ከነፋህ ለእያንዳንዱ ሰባት ያህል እርግብግቢት ብቻ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ ድምፁ ሳይነሳ ምላስህ ይቆርጠዋል። ምላስህን አታጠንክር፣ ትንፋሹን አብዛው።

መልስ 2፦ ቱ-ኩን ተወውና ዶ-ጎ በል፣ መንጋጋህን ዝቅ አድርገህ አፍህን ከውስጥ ክፈት። "ጎ"ን ለብቻዋ ቀስ ብለህ ተለማመዳት፣ ደካማዋ እሷ ናት።

መልስ 3፦ እኔ ቱባ ነፊ ነኝ፣ በዶ-ጎ እስማማለሁ። መጀመሪያ ግን የሙዚቃውን ሐረግ ያለ ምላስ አያይዘህ ንፋው። እዚያ ካልጠራ ችግሩ ምላስህ አይደለም።