ራሴን መክሰሴንና የሰው ሥራ ውስጥ መግባቴን እንዴት ልተው?

ስድስት ባልደረቦች ያሉበትን የሥራ ክፍል መምራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ለሌላ ሰው የሰጠሁትን ሥራ በየሰዓቱ ካልጠየቅሁና ያለቀውን ጽሑፍ እንደገና ካላረምኩ እረፍት የማላገኝ ሰው ሆኛለሁ። መነሻው እነሱን አለማመን አይመስለኝም፤ አንዳቸው ሲሳሳቱ «ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ለቦታው አትመጥንም» የሚል የውስጥ ድምፅ ስለሚከሰኝ፣ ያንን ክስ ላለመስማት ስል ነው እጄን የማስገባው። ቁጥጥሩ ጭንቀቴን ለጥቂት ደቂቃ ያበርደዋል፤ ይሁን እንጂ ጣልቃ ባልገባ ምን እንደሚሆን የማየት ዕድሉን ስለሚነፍገኝ፣ ፍርሃቱ በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። በሥነ ልቦና ሕክምና እንደሚመከረው፣ ሳይጠሩ የሚመጡትን ሐሳቦች እየመዘገብኩ ማስረጃቸውን ለመመርመር ሞክሬያለሁ። ማታ ይረዳኛል፤ ሥራ ላይ ግን ሐሳቡ ይቀድመኛል። (መዝገቡንም ደጋግሜ ማረም መጀመሬን ሳልደብቅ ልናገር።)

አሁን ያሰብኩት ችግሬን ለባልደረቦቼ በግልጽ መንገር፣ ጣልቃ ስገባም እንዲያስቆሙኝ ፈቃድ መስጠት ነው። የሚያሰጋኝ ግን ንግግሬ ኑዛዜ መስሎ እኔን የማጽናናት ሸክም እንዳይጭንባቸው ነው። ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህሉን ነገራችኋቸው፣ ምን ያህሉንስ ለራሳችሁ አስቀራችሁ? ሥራው መቼ መቼ እንደሚታይ አስቀድማችሁ የተስማማችሁትስ እንዴት ነበር?